እኔ ማን?

መግባቱስ ይገባል፣ መውጣቱ ነው ጭንቁ፤
ከጧት ጀምሮ ሰባት ደብዳቤዎች «ወጪ» ላይ ታነቁ።
ቸርችል ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ገቢና ወጪ የመዘገብኩት፣ እኔ አስካለ ገዶ።

ቲተር አለኝ፣ ክብ ማኅተም አለኝ፣ ጠርዙ የተበላ፤
«ቁጥር የለውም» ብዬ ሥራ አስኪያጁን መልሻለሁ፣ ቢቆጣም በኋላ።
ዛሬ ግን በተራዬ እኔው ተመለስኩ፣
ጣቴ እስኪዝል «ላክ»ን እየተጫንኩ፣ መስመሩን እየወቀስኩ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ወር ነው፤
በእኛ ስም፣ በእኛው አርማ፣ አንድ ደብዳቤ ጅቡቲ ደርሶ ነው።
«የጭነቱን ሒሳብ በዚህ አዲስ ቁጥር አስገቡ» የሚል፣
ሰላምታው እንኳ የኔን የሚመስል።
ማን ላከው? ማንም። ከየት? ከየትም።
መዝገቤን ገልጬ አሳየሁ፦ ይኸው፣ ወጪ አላደረግኩትም!
ጅቡቲ ያለ ሰው ግን የኔን መዝገብ አያይም።

እናም ረድኤት መጣች፣ ልጅ እግር፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ፣
ወንበር ሳትስብ ጀመረች፣ እንደ ሐኪም ስታገላብጥ።
«ሃያ አምስት ቁጥር በር» አለች፣ «ሌባ ስለለመደው ተዘግቷል፤
የምንወጣው በአምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ነው፣ እዚያ ዘበኛ ቆሟል።
መንገዱም ይመሰጠራል፣ መሀል ላይ ማንም አያነብም፤
ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ካልሰጡት ግን አይቀበልም።»

«እኔ ነኝ እኮ!» አልኳት። ሳቀች።
«እትዬ አስካለ፣ በር ተንኳኩቶ ‹እኔ ነኝ› ቢልዎት፣
‹እኔ ማን?› አይሉም?» አለች።

ይለፍ።
ያቺን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።
አባቴ ማተሚያ ቤት ሌሊት ይሠራ ነበር፣ በሰዓት እላፊ ወራት፣ ልጅ ሳለሁ እኔ።
የይለፍ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ ይዞ ይወጣል፤
ራስ መኮንን ድልድይ ላይ «ቁም! ማነህ?» ይባላል።
እዚያ «እኔ ነኝ» አይባልም።
አንድ ሌሊት ዝናቡ ላስቲኩን አልፎ ማኅተሙን አጠበው፣
ቀለሙ ፈሶ ስሙን ሸፈነው፤
እስኪነጋ ድልድዩ ሥር አስቀመጡት።
ጧት ሲያንኳኳ እናቴ «ማነው?» አለች፤
እሱም ሙሉ ስሙን፣ ከነአያቱ፣ ጠራላት።

ረድኤት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ «ይጻፉ፣ አላይም» ብላ፤
ከታች ረዳቱ «ለገሃር፣ ለገሃር፣ አንድ የቀረው!» ይላል፣ ታክሲው ሳይሞላ።
ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ የታየው አሥራ አራት ነጠብጣብ፣
እንደዚያ ሌሊት ዝናብ፣ ግን ስም የማያጥብ።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከሰባቱ
አንዱ ወጣ። ሁለት። አራት ሆነ። «ሄዱ!» አለች ልጅቱ።
ስድስተኛው እንዳለፈ መብራት ጠፋ።

እኔም መዝገቤን ከፈትኩ፣ ለስድስቱ ቁጥር ሰጠሁ፣
በሰባተኛው መስመር ላይ «በር ላይ ቆሟል» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።
መብራቱ ሲመጣ እንደገና «ማነሽ?» ይለኛል።
ይበለኝ።