ሰባት፣ ስምንት፣ ዐሥር

በቫልፓራይሶ፣ ኮረብታው ከባሕሩ ጋር በሚፋጠጥበት፣
ሰው በገመድ ሳጥን ሽቅብ በሚጎተትበት፣
ኤሌውቴሪዮ ነበር ትኬቱን ይቆርጥ የነበረው፤
አርባ ዓመት በአንዲት ቀዳዳ ሳንቲም ሲመነዝር የኖረው።

ሲሞት ዕዳ አልተወም፤ ወራሽም የለው፤
ትቶት የሄደው ነገር ግድግዳ ላይ ነው፤
ከትኬት ቤቷ ጣውላ፣ ከመሳቢያው በላይ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ አንገት አዘንብለው ሲያዩት የሚታይ፦

ሰባት። ስምንት። ዐሥር።
ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ አራት።
ሌላ ምንም። ነጥብ እንኳ የለበት።

ብሪሂዳ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ «ሎተሪ ነው» አለች፤
ቁጥሩን ገዛችና ሁለት ሺህ ፔሶ ከሰረች።
አኒሴቶ፣ ድሮ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ፣
አሁን የሰፈሩ ሁሉ አራሚና ዳኛ፣
«የሞገድ ልክ ነው» ብሎ ሌሊቱን ቁልፍ ሲያዞር አደረ፤
ከፔሩ የዶሮ መኖ ማስታወቂያ ሰምቶ ዝም ብሎ ቀረ።
ዳቦ ጋጋሪው «የኔ ዱቤ ይሆናል» ብሎ ፈራ፤
(ይሄ ሰው ሁሉን የሚያየው ከዕዳ ጋራ።)

ሁሉም ለየብቻው፣ ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ፣
ከጎረቤቱ እንደሚደበቅ የፈተና ተማሪ ሆኖ፣
ሳምንት አለፈ።
ሰኞ ቀለም ቀቢ ሊመጣ ነው።

እሑድ ማታ ወንበር ይዘው መጡ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ፤
ዝናብ፤ አንድ አምፖል፤ አራት ሰው በአንድ ጠባብ ስፍራ።

የብሪሂዳ የልጅ ልጅ፣ ሚያራይ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቷ፣
በየቀኑ መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ወጥታ የምትገባ ቤቷ፣
«ቁጥሮቹን ተዉአቸው» አለች፤ «መሀላቸውን እዩ።
ደረጃ ስወጣ እግሬ የሚያውቀው ድንጋዩን አይደለም፤
ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ያለውን ነው።
ከሰባት እስከ ስምንት ስንት? በጣታችሁ ለዩ።»

አንድ። ሁለት። ዐሥራ ዘጠኝ። አምስት።
ዝም አሉ። ውጭ የገመዱ ብረት በንፋስ ሲቃትት።

አኒሴቶ ተነሣ፤ እጁ የሚያውቀው ነገር መጣ፦
«ፊደል!» አለ፤ «አንድ፣ አ። ሁለት፣ ቤ።» ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።
ቆጠረ። ጻፈ። ደግሞ ቆጠረ።
ወንበሩ ላይ ተመለሰ በቀስታ።

አብሴ።

እስፓኝኛ አይደል፤ የመርከበኛ ስድብ እንኳ አይደል።
«ሰክሮ ነው» አለ ጋጋሪው፤ «ሟቹ ያን ዕለት።»

ብሪሂዳ ወረቀቱን ሳበች፤ ሳሙና የበላው ጣቷን አስኬደች፤
ኤኔ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለች፦
«ኤኜስ የታለች?»
«ማን?»
«ኤኜ! ከኤኔ ቀጥላ የምትመጣው! እኔ ብሪሂዳ ኢባኜዝ ነኝ፤
ስልሳ ዓመት በዚህች ፊደል ስፈርም ኖሬ፣ አንተ በምን ዘለልከኝ?»

አኒሴቶ ፊቱ ቀላ። በሬዲዮ ክፍል፣ ሠላሳ ዓመት፣
ለባዕድ ወደብ ሲልክ፣ ያቺን ፊደል ማን ጠየቃት?
ራሱን እያከከ አስገባት። ከሷ በኋላ ያሉት አንድ አንድ ስንዝር ተባረሩ፤
ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ኤሴ ተነሣ፤ ኤሬ ተቀመጠ በወንበሩ።

አብሬ።

«ክፈት» ማለት ነው፣ በእነሱ።
ሁሉም መሳቢያውን አዩ። እሱ ግን በርጥበት አብጦ እምቢ አለ።
ጋጋሪው ሳበ፤ አኒሴቶ አምፖሉን ያዘ፤ ሚያራይ ከሥር ገፋች፤
ብሪሂዳ ከኪሷ ሳሙና አውጥታ ጠርዝ ጠርዙን አሸች።

አንድ የተቀረጸ እርሳስ።
አንድ ወረቀት፣ ከላይ እስከ ታች ቁጥር፣ ዐሥራ አራት ረድፍ ሙሉ።

ማንም አላማረረም። ወንበሮቹ ብቻ ተጠጋጉ።
ጋጋሪው «ዳቦ ላምጣ» ብሎ ወጣ፤
በሩ ላይ ዞሮ፣ «አይመዘገብም» አለ።

ለምን በሰባት እንደ ጀመረ እስካሁን አልታወቀም።

እኔ ከሩቅ ነኝ፤ እስፓኝኛ ላይ በመዝገበ ቃላት የምደናበር ነኝ፤
ያቺን አንዲት ቃል ስሰማ ግን
ተርጓሚ አላስፈለገኝ።