ነጠላ ጫማ

እኔ ከደጅ ነኝ፤ ከሮቃው ጥላ ስር፣
ሰው እግሩን አራቁቶ ሲገባ ወደ ቅጥር፣
ነጠላ ጫማውን ተረክቤ የቆርቆሮ ቁጥር የምሰጥ፣
ሲወጣ ቁጥሩን በጫማው የምለውጥ።

ስሜ ኢሩላፓን፤ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ።
የሰው ፊት አላስታውስም፤ ከጉልበት በላይ ያለው ለኔ ባዕድ።
እግር ግን አነባለሁ።
የሸማኔውን፣ መርገጫ ያቀጠነውን አውራ ጣት፣
የጨው ሠራተኛውን፣ እንደ በጋ መሬት ነጭ ሆኖ የተሰነጠቀበት፣
የሙሽራዋን፣ ከሁለተኛ ጣቷ የብር ቀለበት፣
«ባል አለኝ» የሚል፣ ስትራመድ የሚያበራላት።
የባለዕዳውንም አውቃለሁ፣
ከፊት ሳይሆን ከኋላ የተበላ፣
ሲሸሽ የከረመ ተረከዝ፣ ጠጠር የሞላ።

ውስጥ ሳሚው አለ።
«ሞተ» አይባልም በፑሊያንኩላም፤ «ተቀመጠ» ነው የሚባለው።
የአያቴ አባት አይቷል፦ ጉድጓዱን አስምሶ፣ እግሩን አጣጥፎ፣
ትንፋሹን እንደ ክር ወደ ውስጥ ጠቅልሎ አሳርፎ፣
«አሁን ጨው አልብሱኝ፤ ጡቡን ደርድሩ» እንዳለ፣
እንደተቀመጠ አለ።
በላዩ ጥቁር ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ መብራት፣
ከጎኑ በመስታወት ሣጥን የእንጨት ጫማው፣
ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ከአፋፉ ያወለቀው፣
ሰው በጃስሚን ሸፍኖ ግንባሩን የሚያስነካው።

ያን ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ነበረች፤ ሰው እንደ አሸን ፈልቷል፤
ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል፤ የሮቃ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ይታደላል።
አንዲት ሴት መጣች። አላሜሉ ነው ስሟ፣ ኋላ እንደሰማሁት።
ጣቷን አየሁት፦
በቀለበቱ ቦታ ክብ ነጭ ምልክት፣ ፀሐይ ገና ያላገኘው።
ምንም አልጠየቅሁ። የኔ ሥራ ጫማ ነው።

የራሷን አወለቀች። ደግሞ ከፌስታል ሌላ ጥንድ አወጣች፣
የወንድ፣ አርባ አራት ቁጥር። «ሁለት ቆርቆሮ ስጠኝ» አለች።
«ሰውየውስ?»
«ቀድሞ ገብቷል።»

ገለበጥኩት። ቀኙ ከግራው ይልቅ ሳስቷል፤
ነዳጅ ሲረግጥ የኖረ እግር፤ ሾፌር።
«ሠላሳ ዓመት» አለች፣ «በዚህች ደጅ አልፏል።
ለቴንካሲ መስመር እዚህ ፌርማታ የለም፤ ጥሩምባ ይነፋል፣
አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ደረቱን ይነካል።
‹ጡረታ ስወጣ በእግሬ እመጣለሁ› ይል ነበር።»

ደንቡ ለአንድ ሰው አንድ ነው።
አርባ ስድስትን ሰጠኋት፤ አርባ ሰባትንም ጨመርኩ።
ለምን እንደሆነ እንጃ። የሁለቱንም ሂሳብ ተቀበልኩ።

ሊነጋ ሲል ወጣች፣ ግንባሯ ላይ አመድ፣
አርባ ስድስትን አቀበለችኝ፤ የራሷን ተጫማች።
«አርባ ሰባትስ?»
«እሱ ይቆያል። እኔን አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ» አለች።
በሁለት ነጠላ መጥታ፣ ነጠላ ሆና ሄደች።

ዓመት ሆነው። የአስተዳደሩ ፀሐፊ ቺዳምባራም ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤
«ሦስት ወር ያለፈው ዕቃ ይጣል ይላል ደንቡ፤ ይሄ ምን ይጠብቃል?»
«ባለቤቱ ውስጥ ነው» እለዋለሁ።
«ማነው?»
«ጫማውን ትቶ ገብቶ ያልወጣ፣ በዚህ ግቢ አንድ ሰው ብቻ ነው?
እንግዲያ ከመስታወቱ ጀምር፤ ያኛው ይብሳል፤ መቶ ዓመት አልፎታል።»
እስክሪብቶውን ከጆሮው ያወርዳል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይሰካል።

እኔ? ገብቼ አላውቅም። የኔን ማን ይጠብቃል?
በአርባ ስድስትና በአርባ ስምንት መካከል አንድ ባዶ ምስማር አለ፤
አዲስ ቆርቆሮ አላስቆረጥኩም።
አቧራውን ግን በየጠዋቱ አራግፋለሁ።
የቴንካሲው አውቶቡስ ሲያልፍ፣ ሾፌሩ ልጅ ነው አሉ፣ ፊቱን አላውቀው፣
ጥሩምባ ከነፋ
እጄ ሳላዘው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፤
ቀኙን ከግራው ትንሽ አስቀድሜ
አቀናለሁ።