ፊደል ሰቃዩ

በትምህርት ሰቃይ አልነበርኩም፣ ውጤቴን ያየ ይመስክር፤
ፊደል ሰቃይ ነበርኩ እንጂ፣ በመሰላል ላይ የምኖር።
ሐሙስ ማታ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሳጥኔን አንጠልጥዬ
ያለፈውን ፊልም ስም አወርዳለሁ፣ የሚመጣውን እሰቅላለሁ፣
የደነዘዙ ጣቶቼን በትንፋሼ አባብዬ።
ኤም ሁልጊዜ ያጥረን ነበር። ደብልዩን እገለብጣለሁ፤
ከመንገድ ለሚያልፍ ሰው ማን ያውቃል፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

ከቶሊዶ ወጣ ብሎ፣ አውራ ጎዳናው ሲታጠፍ፣
የቮግለሮች የበቆሎ ማሳ ነበረ፣ እስከ ባቡር ሐዲዱ ጠርፍ።
ሽማግሌው ቮግለር ሸጠው። ገንዘቡን ቆጥሮ ሲጨርስ
«መኪና ነው የምትዘሩበት?» አለ ይባላል፣ አስፋልቱ ጠቁሮ ሲፈስስ።
በሰባ ሦስት ተከፈተ፤ ጣሪያው አንድ፣ ሱቁ ሰማንያ፣
በስተኋላ ሲኒማው፤ ቀይ ወንበሩ ስድስት መቶ፣ ለሠፈሩ የመጀመሪያ።
የመክፈቻው ዕለት ሰልፉ ጫማ ቤቱን አልፎ ውሻ መሸጫው ደረሰ፤
ኦርቪል ዶምብሮቭስኪ፣ የማሽኑ ሰው፣ ፀጉሩን ቅባት አለበሰ፣
ከረቫት አሠረ፤ በጨለማ ክፍል፣ ከግድግዳ ጀርባ ለሚቀመጥ
ሰው ከረቫት! ሎሬታ በትኬት መስኮቷ ሳቋን ይዛ ስታፈጥ፣
«ብርሃን የምልከው እኔ ነኝ» አላት። «እንግዳ የሚቀበል ሰው ይለብሳል።»

በሰባ ስምንት ባለቤቱ መጣ፣ ሲጋራ በአፉ ሰክቶ፤
«ሁለት አዳራሽ፣ ሁለት ትኬት» አለ፣ በጣቱ አስልቶ።
መሀሉ ላይ ግድግዳ ገተረ፤ ግድግዳ ማለት ከተቻለ፣
የብስኩት ካርቶን የሚያህል፣ ቡናማ ጨርቅ የተንጠለጠለ።
ወንበሮቹን ግን ማንም አላዞረ፤ የድሮውን ማያ እንዳዩ ቀሩ፤
ከዚያ በኋላ አንገቱን ያላጣመመ አልነበረም በሠፈሩ።

በግራ ጦርነት፣ በቀኝ ፍቅር። ልጁ ተንበርክኮ
«አግቢኝ» ሊላት አፉን ሲከፍት፣ መድፍ ነበር
የሚመልስለት።
አዳራሹ ሳቀ። ከመሀል ረድፍ ግን አንድ ሰው፣
ክላረንስ ዊተከር፣ ከሩቅ ጦር ሜዳ የተመለሰው፣
ተነሣ፤ ፋንዲሻው ተበተነ፤ ተጎንብሶ ወጣ።
ሎሬታ መስኮቷን ዘግታ፣ ሰልፉ ይጩህ ብላ፣
ፏፏቴው አጠገብ አብራው ተቀመጠች፣ እጁ መንቀጥቀጥ እስኪያቆም።
በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «ፍቅሩን ነው» አለ፣ «ከግድግዳው ራቅ አርጊኝ።»
የቀኙን ጥግ ያዘችለት። እስከ ዘጠና አንድ፣
እሱ እስካለ ድረስ፣ ያ ወንበር ለሌላ አልተሸጠም።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። ማዶ፣ አሥራ ስድስት አዳራሽ ያለው ሲከፈት፣
እኛ አንድ ዶላር ሆንን፤ ፊልም ጡረታ የሚወጣበት።
ጣሪያው አፈሰሰ፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ ባልዲ ተቀመጠ፤
በረሃ በሚያሳይ ፊልም ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ዝናብ ተደመጠ።
ጫማ ቤቱ ሄደ። ውሻ መሸጫው ሄደ። ፏፏቴውን አደረቁት፤
ሳንቲሙን፣ የስንቱን ሰው ምኞት፣ በአካፋ ዛቁት።
ኦርቪል ታመመ፤ ከረቫቱ ከማሽኑ ጎን፣ ሚስማር ላይ ቀረ፤
ተተኪው ልጅ ቁልፍ መጫን እንጂ፣ ፊልም መጠምጠም አልተማረ።

ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ደወሉልኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤
«የመጨረሻውን አንተ ስቀል» አሉኝ። «ሳጥኑ የት እንዳለ ሌላ ማን ያውቃል?»
ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ፊደሎች ግማሾቹ የተሰበሩ፤
«ደኅና ሁኑ» አይወጣቸውም፣ እንዴትም ቢደረደሩ።
ስለዚህ «ኦርቪል» ብዬ ጻፍኩ።
ሁለት ኤል ይፈልጋል፤ አንዱ ጠፋኝ፤
ሰባት ቁጥርን ገልብጬ ሰቀልኩት።
በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ስልክ ደወለ፤
«ኦርቪል ስንት ሰዓት ይጀምራል?»
«ጀምሯል» አለችው ሎሬታ። «ግን ይምጡ።»

ቡልዶዘሩ በሚያዝያ ደረሰ። አስቀድሞ የወደቀው ያ ስስ ግድግዳ ነው፤
አዳራሹ ለአንድ ከሰዓት አንድ ሆነ፤
ወንበሮቹ በሙሉ ወደ መሀል፣ ልክ ነበሩ።

ሰባት ቁጥሩ እኔ ቤት አለ፣ ሳሎን፣ ተገልብጦ።
የልጅ ልጄ መቁጠር ስትማር «ሰባት!» አለች፣ አንገቷን አጣማ።
ኤል ነው፣ አልኳት።