የእነ ትርንጎ ቤት

ሠላሳ አንድ ዓመት ከብርድ ልብስ ፋብሪካው
ክር በጣቴ ዳስሼ ጥራቱን ስለካው፣
ዛሬ ክር የሌለው ዕቃ ልገዛ ሄጄ
እጄ ግራ ገባው። ወረቀት ሰጥታኛለች ልጄ፦

"አባ፣ መስመሩን አስታውስ አስቀድመህ፣
መዳብ ነው ፋይበር? ገምተህ እንዳትመጣ ከስረህ።
አንቴና አትቁጠር። ያገለገለም ቢሆን አትፍራ፣
ገመዱ እንዳይጎድል። ሙቀቱን ዳስስ ሲሠራ።"

ከመናኸሪያው ጀርባ የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤
ምንተስኖት ጓንቱን ሳያወልቅ ይሸጣል።
ባለ አራት አንቴናውን ቀንዱን ይዞ፣ እንደ መንዝ ሙክት አቁሞ፣
"ግድግዳ ይበሳል ጋሼ" አለኝ፤ ስሙንም ጠራልኝ ደግሞ።
ስሙን አልያዝኩትም፣ ዋጋው ግን ያዘኝ፦
የሁለት ወር ጡረታ በአንድ ካርቶን ሊያስረክበኝ!

"ሌላስ?"
ከባንኮኒው ሥር፣ ከሞቱ ቻርጀሮች መሀል ጎንበስ ብሎ
አንድ አወጣ፣ አቧራውን በክርኑ አራግፎ ጥሎ፦
ነጭ ነበር፣ ዕድሜ ቢጫ ያደረገው፣
አንድ ቀንድ ያለው፣ እሱንም ፕላስተር የደገፈው።
"ሰባት መቶ። ዋስትና የለውም፣ እውነቱን ልንገርዎ፤
ግን የብርጭቆው ክር ሲደርስ ሰፈርዎ
ውዱም ርካሹም እኩል ይጣላል።"

የብርጭቆ ክር!
ማን ፈተለው? በምን እንዝርት? በየትኛው አገር?

ስድስት መቶ ሃምሳ ከፈልኩ።

ቤቴ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ግድግዳው ክንድ የወፈረ፤
ሳሎን ሰካሁት፣ ማኅደር ጓዳ ገባች፣ ሲግናሉ በር ላይ ቀረ።
"አባ፣ ቤት አይመታም!"
"የግጥም ያህል ከባድ ነው" አልኳት። አልሳቀችም።
ከመስኮት ወደ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ወደ መቃኑ
ተሸክመነው ዞርን፣ እስኪመሽ ቀኑ።
ሦስት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። ቀዩም፣
ብዙ አቅማምቶ፣ እሺ አለ።

ያኔ ስልኳ ላይ ስም ወጣ፦ የእነ ትርንጎ ቤት።
ትርንጎ ማናት? የእኛ ዘር ትርንጎ የለበት።
ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ የተለጠፈ የይለፍ ቃል፦
ስሟና አንድ ዓመተ ምሕረት፤ የልደቷ ይሁን የሠርጓ ማን ያውቃል።
"ከኋላው ቀዳዳ አለች" አለች ልጄ፣
"በመርፌ ከነካናት ሁሉን ይረሳል።"
ዕድሜዬን መርፌ ያቀበለ እጄ
ዛሬ ግን ኪሴ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ደምሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፦
"ሰማሁ" አለኝ፣ "ደስ ብሎኛል። ስሟ ማን ነው፣ ትርንጎ?"
ለካ ሰፈሩን ሁሉ ስልኩ ነግሮታል፦
ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመቷ፣ ሽማግሌው ሴት አስገብቷል!
ልክድ አፌን ከፈትኩ፤
ከበረሳ የመጣ ነፋስ ሞላው፣ መልሼ ዘጋሁት።
"እና፣ እንዴት ናት?"
"ደህና ናት። ሲነፍስ ትንሽ ትዘገያለች" አልኩት።