ከባሕር ወለል በላይ

ሥራዬ መጻፍ ነው የሌላ ሰው ጉዳይ፣
ደብረ ብርሃን ከተማ፣ መናኸሪያው ላይ።
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ማባዣ፣
ጣቴን ለማሞቅ ደግሞ የሻይ መያዣ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከደብረ ሲና መጡ፣
የጣርማበርን ጉም በካፖርታቸው ይዘው የወጡ።
ጡረተኛ ናቸው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት
ጂኦግራፊ አስተማሪ፤ ጠመኔ እንዳለበት
እጃቸውን ዛሬም ይጠርጉታል በኮት።

«ልጄ» አሉ ቁጭ ብለው፣ «ቪዛ እንዴት ነው ነገሩ?
የሚጠይቁትን ንገሪኝ ከነዝርዝሩ።»
«የት ሊሄዱ?» አልኳቸው።
«ዜሮን ላይ» አሉኝ።
ብርዱ ጆሮዬን የደፈነው መሰለኝ።

«ዕድሜዬን በሙሉ ለልጆች ስናገር፣
ደብረ ሲና ይህን ያህል፣ ጓሳ ከሦስት ሺህ ሜትር፣
ከባሕር ወለል በላይ ስል ኖርኩኝ ሳላየው
ያን ወለል የሚሉትን፣ ቁጥር የሚጀምረው
የት ጋ እንደሆን። አንዲት ልጅ፣ ከሰባተኛ ቢ፣
ቁጥብ፣ ዝምተኛ፣ የመጽሐፍ አንባቢ፣
‹ቲቸር፣ አይተውታል?› ብላ ጠይቃኝ፣
የዚያን ቀን ደወሉ ነው ከላብ ያወጣኝ።»

ኢጣልያን መረጡ፤ «ስንትና ስንት ዓመት
ቡት ጫማ አስመስዬ በጠመኔ የሣልኳት።»

ዘረዘርኩላቸው፦ ፓስፖርቱ ዕድሜ ይኑረው፣
ከመመለሻው ወዲያ ሦስት ወር የሚያቆየው፤
የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሆቴል ማረፊያ፣
የደርሶ መልስ ትኬት ተይዞ በቅድሚያ፤
የባንክ ማስረጃ፣ ያውም የስድስት ወር፤
ፎቶው ነጭ መደብ ላይ፣
ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ፈገግታ፣ ያለ ምንም ነገር።
ከመቶ ሰማንያ ቀን ዘጠናው ብቻ ነው
ለጎብኚ የሚፈቀደው።
«ግማሽ መሆኑ ነው» አሉ ጣት ቆጥረው፣
«እንደኛ ዓመት ነዋ፣ ጾም እንደሚገምሰው።
ስሙስ ምን ይባላል?» «ሸንገን» አልኳቸው።
«ሸንጎ ነው ሸንጋይ?» አሉኝ፤ ሣቅ ቀደማቸው።

ከሁሉ የከበደን አንድ ጥያቄ ነው፦
ለመመለስዎ ማረጋገጫው ምንድነው?
የጡረታ ደብተር፣ የቤታቸው ካርታ፣
የእድር ደረሰኝ፣ ከወር ወር ያልተፈታ።
ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይህንንም ጻፊው፦
ባለቤቴ ሙሉመቤት እዚሁ ናት፣ ከጥዱ ሥር፤
አጠገቧ ያለው ቦታ የኔ ነው።»
ፎርሙን ላይ ታች አልኩት። ለዚህ ሣጥን የለው።

ያን ሰሞን አንድ ፈረንጅ፣ ጭላዳ ሊያይ የመጣ፣
የቪዛውን ወረቀት ሊያባዛ ገብቶ ወጣ።
በስልኩ ነው የጨረሰው ጋደም ብሎ አልጋው ላይ፤
ማን ጠየቀው እሱን ስለ መቃብር ጉዳይ?

በሃያ ሦስተኛው ቀን መልሱ ደረሰ።
ጋሽ ሰይፈ ጥያቄውን በሐቅ መለሱ፤
ኤምባሲው ደግሞ እሳቸውን መለሰ።
እርሳሴን ቀርጬ ቀርጬ ጨረስኩት።

«ባሕር ያው ባሕር ነው» አልኩ፣ «ዜሮም ያው ዜሮ፤
ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ ይሞክሯት ዘንድሮ።
ፎርሙ አጭር ነው፤ የመቃብር ነገር አያነሳም።»
«እንዴ!» አሉ ደንግጠው፣ «ካርታ እያስነበብኩ
አጠገቤ ያለውን እንዴት ዘለልኩ?»

ዓላማ? ጉብኝት። ቆይታ? አምስት ቀን።
ዜሮዋን አልጻፍናትም፤
ለምደናል መሸሸጉን።

በጥቅምት ተመለሱ። ፊታቸው ጠቁሯል፤
ካፖርቱ የለም፤ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል።
ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሃይላንድ አኖሩ፣
ግማሹ ውኃ፣ ግርጌው አሸዋ።
«ይኸውልሽ» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩ።
በር ላይ ሲደርሱ ግን ዘወር ብለው፣
«ያቺ ልጅ ሥራዋ ምን ይሆን? ስሟ ማን ነበር?
ብታልፍ በዚህ በኩል…» አሉና ተዉት፤ ወጡ።

ዛሬም ከማባዣው አናት ላይ ነው ያለ፤
ባለጉዳይ ይመጣል «ጠበል ነው?» እያለ።
በኅዳር ውርጭ ማለዳ፣ በሩን ስከፍት፣
ቀድሜ የማየው እሱን ነው፦
ከራሱ ወለል በላይ
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ላይ
ተቀምጦ፣ ጸጥ ብሎ።