ምርቃት

መሬቴ መገጭ ዳር ነው፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣
አርባ እግር ፓፓያ፣ ጥቂት ብርቱካን ጥጉን ተተክሎ።
በየካቲት ማብቂያ ውኃው ሲሳሳ፣ አቧራው ሲነሣ፣
ቅጠሌ ነጥብ አወጣ፤ ፈንጣጣ እንደ ጎበኘው ፊት ገረጣና ከሳ።
ገልብጬ ባየው ድር አለ፣ ከፀጉር የቀጠነ፤
ድር ካለ ሸረሪት አለ፤ ሸረሪቱ ግን የት አባቱ ሆነ?

ማንንም ሳልጠይቅ አራዳ ወጣሁ፣ ከፈጠነ ሱቅ ገባሁ፣
ባለ ቀይ ክዳን ጠርሙስ በሁለት በግ ዋጋ ገዛሁ።
«ሁሉን ይገድላል» አለኝ፤ ቃሉን አልቀየረም፤
ሁሉን ገደለ፣ ከሸረሪቱ በቀር ምንም አልቀረም።

ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጥንዚዛ፣
ያለ ደሞዝ ስትጠብቀኝ የኖረች፣ ቅጠል ተገን ይዛ፣
መጀመሪያ ወደቀች።
ለጥቆ የአትጠገብ ንቦች፤ በቀፎው ደጃፍ እንደ ተደፋ ገብስ አየኋቸው፤
አትጠገብ ምንም አላለችኝ፤ በመጥረጊያ ሰብስባ ቀበረቻቸው።

ደገምሁት። ጠላቱን ጠርጌለት፣ ርስቱን አስፍቼለት፣
ሸረሪቱ እንደ ባለ ጉልት ተቀመጠ፤ ቅጠሉ ሁሉ ገበረለት።

በመጨረሻ ትርንጎ መጣች፣ የቀበሌው የሰብል ባለሙያ፣
አቧራ የጠጣ ጫማ፣ ካንገቷ የተንጠለጠለ ማጉያ።
ነጭ ወረቀት ዘርግታ ቅጠሉን ቸብ ቸብ አደረገችው፤
አቧራ መሰለኝ። አቧራው ተራመደ። በአውራ ጣቷ ጨፈለቀችው፤
ቀይ ጭረት ቀረ።
«ስድስት እግር ላለው በተሠራ መርዝ ስምንት እግር ያለው ይስቃል፤
ሲሞቀው ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ የልጅ ልጁን ያቅፋል።»

ጎህ ሲቀድ ቅጠሉን ገልብጦ ከሥሩ በውኃ ማጠብ፣
የባሰበትን ቆርጦ ማቃጠል፣ ለቀረው ሚዛን ማሰብ፤
ለሸረሪት ብቻ የተሠራውን መድኃኒት በክዳን ለክቶ፣
ነፋስ ሲተኛ፣ አፍንጫ ሸፍኖ፣ ንብ ቤቷ ከገባች አምሽቶ፤
ያንኑ አንዱን እንዳልደጋግም፣ ይለምደዋልና፤
ተረጭቶ አሥራ አራት ቀን ሳይሞላ ፍሬ እንዳልቆርጥ፣
ሰው ይበላዋልና።

ይኸን ሁሉ በቃሌ ያዝሁ። እንዳደረገችኝ አደረግሁ።
ቀኑን በከሰል መቃኑ ላይ እጭራለሁ።

ዛሬ ዘጠነኛው ነው። የነጋዴው አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል፤
ፍሬው ቢጫ ጥሏል፣ ወፍም ጀምሮታል፣ አምስት ቀን ቢቆይ ግማሹ ይጠፋል።
«ታጥቦ የማይነጻ ምን አለ?» ይለኛል፣ ብሩን በጣቱ እየቆጠረ፤
ልመልስለት አፌን ስከፍት አንድ ነገር ፊቴ ተገተረ።

ያን ጊዜ፣ ባለ ቀይ ክዳኑን በረጨሁ በአራተኛው ቀን፣
ቅዳሜ ገበያ ሁለት ፓፓያ ገዛችኝ አንዲት ሴት፣ አዝላ ሕፃን።
ለልጁ አንድ ቁራጭ መረቅሁለት፣ በገዛ ቢላዬ ቆርጬ፤
ሳቀ። ጭማቂው ባገጩ ወረደ። አየሁት፣ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ።

ስሟን አልጠየቅሁም። ቀሃ ትኑር አዘዞ አላውቅም።
ምናልባት ምንም አልሆነም።
ምናልባት።

ነጋዴው ደግሞ ነፋ።
ሂድ አልሁት።
ነገ አሥረኛውን እጭራለሁ።