እናቴ እንዲህ አላለችም

አፉላ ላይ ግንቦት ሲያልቅ፣ ሙቀቱ ሜዳው ላይ ይተኛል፤
ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ፣ ሱፍ ቆይው ጨው ይበትናል።
እኔ በትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ፤
ዳይሬክተሩም ወላጁም «ጸብ አያውቅም» የሚለኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ፣ በጠባቧ ክፍል፣
ቶሎ ለሚግሉ ልጆች እንዲህ እላለሁ፦

«ቁጣ ጠላት አይደለም፤ ቁጣ መልእክተኛ ነው፤
አትግደለው፣ አትልቀቀው፤ ‹ምን ይዘህ መጣህ?› በለው።
እግርህን መሬት አስይዝ። እስትንፋስህን ቁጠር።
ስድቡን ተወውና የሆነውን ተናገር።
‹ይህ ሆነ። ይህ አመመኝ። ይህን እፈልጋለሁ።›
አራተኛ ካስፈለገህ፣ ያኔ እኔ አለሁ።»

ልጆቹ ሱፍ ይቆረጥማሉ፤ ቅርፊቱን ወለሉ ላይ ይተፋሉ።
ኤላድ ብቻ በመዳፉ ይሰበስባል። ይስማኝ አይስማኝ እንጃ።

ሰኞ ዕለት የአንዲት ልጅ ስልክ ከክፍል ጠፋ።
ሠላሳ አንድ ቦርሳ ነበር። የኤላድ ብቻ ተደፋ።
እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የኳስ ካልሲ ወለል ላይ፤
ስልኩ ከባለቤቷ የስፖርት ጫማ ውስጥ ወጣ፣ ምሳ ሰዓት ላይ።
ማንም ይቅርታ አላለው። እሱም ቃል አልተናገረ፤
በሩን በእርግጫ አለው። መስተዋቱ ተሰበረ።

ረቡዕ ተጠራን።
እናቱ ያልጋነሽ ከዶሮ ፋብሪካው መጣች፣
ነጭ ቆቧን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ተቀመጠች።

ዳይሬክተሯ አስናት፣ በዕብራይስጥ፦
«ይህ ልጅ ያስፈራኛል። አደገኛ ነው።»
እኔ፣ በአማርኛ፦
«ትንሽ ይቸኩላል ነው የሚሉት፤ ልጅ አይደል፣ ያው።»

ያልጋነሽ ቀና አለች። «ከሠላሳ አንድ ቦርሳ
የልጄ ብቻ ለምን? ስለ ምን?
የበሩ ዕዳ የኔ ነው፤ እከፍላለሁ።
የቦርሳው ዕዳ ግን የማን?»

እኔ፣ በዕብራይስጥ፦
«እናትየዋ በጣም አዝነዋል፤
ይቅርታ ይጠይቃሉ። ልጁንም መክረዋል።»

ሙያዬ ይህ ነው። ሃያ ዓመት በዚህ ኖሬአለሁ፤
የአንዱን እሳት ለሌላው ለብ ያለ ውሃ አድርጌ አቀርባለሁ።
ስሙን ጨዋነት ብዬዋለሁ።

ከጠረጴዛው ስር የኤላድ ጡጫ ሲጨበጥ አየሁ፤
አሁን ወንበሩ ተገለበጠ ብዬ ፈራሁ።
ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። በሁለቱም ስዋሽ ሰምቷል።
ግን እግሩን መሬት አስያዘ፤ ከንፈሩ ቁጥር ይቆጥራል፤
አራት። አምስት።
ጡጫው ተፈታ። የሱፍ ቅርፊት ጭኑ ላይ ረገፈ።

«ጋሽ ዓለምነህ» አለ፤ ድምፁ አልጮኸም፣ ትንሽ ተሰበረ እንጂ፤
«እናቴ እንዲህ አላለችም።
አንተ ያልከው አመመኝ።
ያለችውን እንዳለችው ንገርልኝ።»

አራተኛ አላስፈለገውም።

ተረጎምኩ። ቃል በቃል። የበሩን ዕዳ። የቦርሳውን ዕዳ።
የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ውስጥ፣ እንደ መጣ እንግዳ።
የአስናትንም መልሼ ነገርኳት ለእናት፣ «አደገኛ» ያለችውን፤
ያልጋነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ታውቀው ኖሯል ቃሉን።

አስናት ብዕሯን አስቀመጠች፤ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች።
ይቅርታ አልወጣትም ያን ዕለት። «መምህሩን እጠይቃለሁ» አለች።
ኤላድ ሐምሌን አጥር ቀብቶ መስተዋቱን ይከፍላል።
ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ግቢው ውስጥ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ገና ይንቀጠቀጣል።
«አልሄደም ጋሼ» አለኝ፣ «ቁጣው እዚሁ አለ።»
«ይቆይ» አልኩት። ሌላ የምለው አጣሁ።
ያልጋነሽ ቆቧን እያጠለቀች ዞር ብላ አየችኝና፦
«ያንተንስ» አለች፣ «የሚተረጉምልህ ማን አለ?»

ማታ አውቶቡስ ላይ፣ መስኮቱ ዳር፣ ሜዳው ሲጨልም፣
ማንም ሳያየኝ እግሬን መሬት አስያዝኩ።
ይህ ሆነ፣ አልኩ።
ይህ አመመኝ።
ሦስተኛውን ስፈልግ፣ መውረጃዬ አለፈኝ።